«ጥርስ ባዳ ነው!»፦ አሜሪካ በሕግ ያጸደቀችው ተረታችን

(ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አዲስ አበባ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አሜሪካ ያለው ልጃችሁ፣ እህታችሁ ወይም የአክስታችሁ ልጅ ፎቶ ሲልክላችሁ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። ጃኬቱ ያምራል። ከኋላው በረዶው ተከምሯል፣ ወይም ያ ነጩ የካፒቶል ጉልላት ይታያል። ታዲያ ለምንድነው ከንፈሩን ግጥም አድርጎ የቆመው? እናንተ «ኮራብን፣ ዶላር አኮራው» ትላላችሁ። የለም፣ አልኮራም። የጎን ጥርሱ የለም። እኔ ራሴ ስላለሁበት ነው የማውቀው።

እኛ አገር ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ድንገት የሚያስቅ ነገር ሰምቶ ሲስቅ «ምን ይደረግ፣ ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል። ጥርስ የሥጋ ዘመድ አይደለም፣ የልብን ሐዘን አያውቅም ለማለት ነው። አባቶቻችን ይኼን ያሉት ለጨዋታ ነበር። አሜሪካኖቹ ግን የምራቸውን ነው። ጥርስን በሕግ፣ በፌደራል መንግሥት ማኅተም ከሰውነት ቤተሰብ አስወጥተውታል። እጅህ ቢሰበር ሰውነትህ ነው። ኩላሊትህ ቢታመም ሰውነትህ ነው። መንጋጋህ መግል ቢቋጥር ግን «እሱ እኛን አይመለከትም፣ ሌላ ቦታ ሂድ» ትባላለህ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና (ጥርስም የሚያቃጥለው ከሥሩ ነው) ከሥሩ እንጀምር። ከምኖርበት ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቃ ባልቲሞር የምትባል ከተማ አለች። በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተው እዚያ ነው፣ በ1840 (ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ከእንግዲህ አልደጋግመውም)። ለሙያው ትልቅ ክብር ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩም አንጥረኛውም በጉጠት ሲጎትተው የኖረውን ጥርስ ለተማረ ሰው አስረከበ። ዳሩ ግን ኮሌጁ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተለይቶ ለብቻው ቆመ። አፍና ሰውነትም ቀስ በቀስ ድንበር የለዩ ሁለት አገሮች ሆኑ። ሐኪሙ ሌላ፣ ክሊኒኩ ሌላ፣ መድኑ ሌላ፣ ሒሳቡ ሌላ።

በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሜዲኬር የሚባለውን የአዛውንቶች የጤና መድን ሲፈርሙ ጥርስ በድንገት ተረስቶ አይደለም የቀረው። ሕጉ ራሱ ጥርስ መንከባከብን፣ ማከምን፣ መሙላትን፣ መንቀልንና መተካትን አንድ በአንድ ቆጥሮ «አይከፈልም» ይላል። ከስድሳ ዓመት በኋላም እዚያው ነው፤ በጣት ከሚቆጠሩ ልዩ ሁኔታዎች በቀር። ለድሃ የተሠራው ሜዲኬድ ደግሞ ለልጆች ጥርስ የግድ መክፈል አለበት፤ የአዋቂው ጥርስ ግን ለየስቴቱ በጎ ፈቃድ የተተወ ነው። ቨርጂኒያ ከአስቸኳይ ነቀላ አልፋ ለአዋቂ ድሃ ጥርስ በወጉ መክፈል የጀመረችው በጁላይ 2021 ነው፤ ሜሪላንድ ደግሞ በጃንዋሪ 2023። ትናንት ማለት እኮ ነው! በ2010 የወጣው የኦባማ ሕግም የልጆችን ጥርስ «አስፈላጊ» ብሎ መዝግቦ የአዋቂውን በዝምታ አለፈው። ልጅ ሳለህ አስፈላጊ የነበረ ጥርስ፣ ጎርምሰህ ሥራ ስትጀምር ትርፍ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ይኼ እስከዚህ ድረስ ለነጩም ለጥቁሩም ነው። ለኛ ለመጤዎቹ ደግሞ ከዚህ በር በፊት ሌላ በር ተሠርቶልናል። በኦገስት 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፈረሙት የዌልፌር ሕግ መሠረት፣ ከዚያ ወዲህ ግሪን ካርድ ይዞ የገባ ሰው አምስት ዓመት ከፌደራሉ ሜዲኬድ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል (ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ስቴቶች ይኼን እንዲያነሱ የተፈቀደው በ2009 ነው)። ቨርጂኒያማ አምስት ዓመቱ አላረካት ብሎ እስከ 2021 ድረስ የአሥር ዓመት የሥራ ታሪክ አምጡ ትል ነበር። ግብሩ ግን አምስት ዓመት አይጠብቅም፤ ከመጀመሪያዋ ቼክ ላይ ቁርጥ! በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ወገኖች ከዚህ የአምስት ዓመት ደጅ ጥናት ነፃ ነበሩ። እነሱንም ቢሆን በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከሜዲኬድ ውጪ እንዲሆኑ ደንግጓል።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ሳንባዬን በራጅ አይተዋል፣ ደሜን ቀድተዋል፣ ክትባቴን ቆጥረዋል። «እስቲ አፍህን ክፈት» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። በሬ ሆይ!

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ፤ የዚህ ጽሑፍ መነሻም እሱ ነው።

እማዬን ያመጣኋት በ2014 ነው። ዕድሜዋ 67 ነበር። ዜግነት ስለወሰድኩ ለወላጅ ማመልከት ይፈቀድልኛል፤ አመለከትኩ። «ለመንግሥት ሸክም እንዳትሆን ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚለውን ወረቀት ፈረምኩ። የፈረምኩት ግን ማንበብ እስከሚቻለው ድረስ አንብቤ ነው፤ ስለ ጥርስ የሚል ነገር አላየሁበትም። ከቦሌ ስትነሳ ከታች ሁለት ጥርስ ይነቃነቅባት ነበር። ታናሽ እህቴ እዚያው ላሳክማት ስትል እኔ ነኝ ያስቀረኋት። «ምን አስቸኮለሽ፣ እዚህ ስትደርስ ይሠራላታል» አልኩ። እዚህ! አሁን ድረስ ያቺ ቃሌ ታቃጥለኛለች።

በሦስተኛው ወር አንድ ሌሊት ግራ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊዘጋው ደረሰ። ይዣት ወደ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በረርኩ። አምስት ሰዓት ተቀምጠን ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም መጣ፣ በትሕትና አናገረን፣ አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ጻፈልን፣ «በጠዋት የጥርስ ሐኪም ፈልጉ» ብሎ ሸኘን። ጥርሱን የነካው የለም። ከወር በኋላ 1,900 ዶላር ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣ። እማዬ ደብዳቤውን አገላብጣ እያየች «ጥርሱን አልነቀሉት፣ ታዲያ ምኑን ነው ያስከፈሉን?» አለች። እኔ መልስ አልነበረኝም። በዚህ አገር ሰው በጥርስ ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የሚገባው በዓመት ሁለት ሚሊዮን ያህል ጊዜ ነው፤ አብዛኛውም እንደኛ ክኒኑን ይዞ፣ ጥርሱንም ይዞ ነው የሚመለሰው።

ከዚያ የጥርስ ክሊኒኩ። ስሙን አልጠራውም፣ መሰሉ በየመንገዱ ዳር ሞልቷል። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ግድግዳው ላይ የሚስቁ ነጫጭ ሰዎች ተሰቅለዋል። ራጅ አነሷት። ከዚያ አንዲት ልጅ (ሐኪም አይደለችም፣ ሒሳብ የምትሠራ ናት) በወረቀት የታተመ «የሕክምና ዕቅድ» ዘረጋችልኝ። ዲፕ ክሊኒንግ፣ ሩት ካናል፣ ክራውን፣ ኢምፕላንት። ድምሩ 7,400 ዶላር። እኔ ያኔ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ፣ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ መኪና አቆማለሁ። ቆሜ ቀረሁ። «ካርድ አለን» አለችኝ ልጅቷ፤ «አሥራ ስምንት ወር ያለ ወለድ!» ፈረምኩ። አሥራ ስምንት ወር ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ሥራ ቀዘቀዘ፣ አንድ ክፍያ አለፈኝ፣ ቀሪው 600 ዶላር ሳይዘጋ ቀኑ ደረሰ። በማግስቱ ወለዱ 26 ከመቶ ሆኖ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ተቆልሎ መጣ። ያለ ወለድ ማለት ለካ ወለዱ ተደብቆ ይጠብቅሃል ማለት ነው። አራጣ አበዳሪ እኛም አገር ነበረን፣ ግን ነጭ ጋውን አይለብስም ነበር።

ያን ሁሉ ከፍዬ የእማዬ ጥርስ ዳነ ወይ? አልዳነም። ገንዘቡ ሲያልቅ ዕቅዱ ተለወጠ። ሥሩን አክሞ ጥርሱን ማትረፍ ከክራውኑ ጋር ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ መንቀል ሁለት መቶ። ስለዚህ ተነቀለ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ሀብታም ይታከማል፣ ድሃ ይነቀላል። የዚህ አገር የጥርስ ሕክምና ፖሊሲ በሁለት ቃል ይኸው ነው።

አስተርጓሚዋም እኔው ነበርኩ። ሐኪሙ «ሥሩ ሞቷል» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲናገር እንዳለ አስተረጎምኩላት። እማዬ አማተበች። «የሞተ ነገር አፌ ውስጥ ይዤ ነው እንዴ ስቆርብ የኖርኩት?» አለችኝ። ከድልድዩ ማዶ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ተካቷል፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ወረቀት በአማርኛ ይሰጣሉ፣ ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን። መንጋጋችንን በመሰርሰሪያ የሚሰረስረው የግል ክሊኒክ ግን እዚያ ሕግ ውስጥ የለበትም። እሱ የሚያናግረን በጣቱ ነው።

ከዚያ በኋላ እማዬ ቆሎ ተወች። ሥጋ ተወች። እንጀራውን በወጥ አርሳ አርሳ ነው የምትውጠው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ሰዉ «እንዴት ያሉ መንፈሳዊ እናት ናቸው» ይለኛል። እኔ ግን ነጠላው ምን እንደሚሸፍን አውቃለሁ። ሳቂታ ነበረች እኮ! የልጅነቴ ሰፈር ሙሉ በሳቋ ነበር የሚያውቃት።

በ2019 መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ሻንጣዋን አውጥታ አየኋት። «አገሬ ልግባና ጥርሴን ልሠራ» አለች። ሳስበው እውነቷን ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱን ጨምሬ እዚህ የአንድ ኢምፕላንት ዋጋ አይሞላም (እዚህ አንዱ ከሦስት ሺህ እስከ አምስት ሺህ ዶላር ይላሉ)። ሄደች። ጥርሷም ተሠራ። ልትመለስ ስትል ኮሮና መጣ። በ73 ዓመቷ ጭንብል አድርጋ አሥራ ምናምን ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ መቀመጥ ፈራች፤ እኔም ፈራሁላት። «ይለፍ፣ ይለፍ» ስንል ዓመት አለፈ። ግሪን ካርድ ይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ውጪ የቆየ ሰው ደግሞ ካርዷ ብቻዋን አታስገባውም፤ እንደገና ቪዛ መጠየቅ፣ የቆየሁት ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት ነው ብሎ ማስረዳት አለበት። እንሞክር አልኳት። «በቃኝ» አለችኝ። «ጥርሴን አግኝቼ መጥቼ ደግሞ ለማን ላስነቅል?»

ሳቅኩ። ጥርስ ባዳ ነው አላልኳችሁም?

«የአንተ እናት ዕድል ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እንግዲያው ሌላ ልንገራችሁ። በፌብሩዋሪ 2007 እዚሁ ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ አንድ የ12 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ በጥርስ ምክንያት ሞተ። የልጅ ተረት አይደለም። የአንድ ጥርሱ መግል ወደ አንጎሉ ወጣ። ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን ቀደዱት፣ ከስድስት ሳምንት በላይ አስተኙት፣ 250 ሺህ ዶላር ገደማ ወጣበት፣ አልተረፈም። ጥርሱን በጊዜው መንቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃው ነበር። የቤተሰቡ ሜዲኬድ ተቋርጦ ነበር፤ እናቱም ሜዲኬድ የሚቀበል የጥርስ ሐኪም ፍለጋ ስትንከራተት ነው የከረመችው። አሜሪካ አገሩ የሆነ ልጅ፣ ቋንቋው አፉ ላይ ያለ ልጅ! ሜሪላንድ ከዚያ በኋላ ደንግጣ የልጆችን የጥርስ ፕሮግራም አሻሻለች። ለአዋቂው ግን ቅድም እንዳልኩት ሌላ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀባት። አገሬው እንዲህ ከሆነ መጤው ምን ይጠብቅ?

አንድ የወንጂ ልጅ ጓደኛ አለኝ። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ እንደሚሆን እናንተ ታውቁታላችሁ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ስለሚበዛ ነው፤ ልጅ ሆነህ የጠጣኸው ጥርስህ ላይ ተጽፎ ይኖራል። (አሜሪካኖቹ ከ1945 ጀምሮ ይኼንኑ ፍሎራይድ በጥቂቱ መጥነው ውሃቸው ውስጥ እየጨመሩ ጥርስ ይጠብቁበታል፤ ለኛ ተፈጥሮ ሳትመጥን ደፋችብን።) ጓደኛዬ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ለመቀጠር ሄደ። እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል። ልብስ ማጠቢያ ክፍል መደቡት፣ ምድር ቤት። የጥርስ ሐኪም ጋ ሲሄድ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «በቀን ስንት ሲጋራ ታጨሳለህ?» የሚል ነበር። ሰውዬው ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም! በየቀኑ መፋቂያ ሲፍቅ ያደገ ልጅ ነው፤ ቆሻሻ ተብሎ ተመዘገበ።

የእስራኤሎቹ ወገኖቻችን ነገርም ከዚህ አይርቅም። በ1984ና በ1991 በጅምላ ሲጓጓዙ ያዩዋቸው የጥርስ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ጥርሳቸው ያልተበላ ሆኖ ነው ያገኟቸው፤ ስኳር አልለመዱም፣ መፋቂያ አላቸው። እዚያ በቆዩ ቁጥር ግን ጥርሳቸው እየተበላ ሄደ። እስራኤል በ1995 ለዜጋው ሁሉ የጤና መድን ስታውጅ ጥርስን እሷም ትታው ነበር። ልዩነቱ ምንድነው፣ በ2010 የልጆችን ጥርስ ወደ መድኑ አስገባች፣ ዕድሜውን እየገፋች በ2019 እስከ 18 ዓመት አደረሰችው። ከተፈለገ ይቻላል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2021 ጥርስ ሜዲኬር ውስጥ ይግባ የሚል ሐሳብ ምክር ቤት ደርሶ ነበር። ማን ተቃወመ ብትሉ የጥርስ ሐኪሞቹ የራሳቸው ማኅበር! «ለሁሉም አዛውንት አይሁን፣ ለድሃው ብቻ ይሁን» አለ። ሐሳቡም ገንዘብ ይበዛል ተብሎ ተቆርጦ ወደቀ። የጥርስ ሐኪም ጥርስ እንዳይታከም ሲሟገት ያየሁት ያኔ ነው።

እስካሁን ፈረንጁን ነው የወቀስኩት። አሁን ወደ እኛ።

እኛ እዚህ እድር አለን። ቁምነገረኛ እድር! ሰው ሲሞት በሦስት ቀን ውስጥ ሬሳ ቦሌ የሚያደርስ ገንዘብ ይሰበሰባል። ጎፈንድሚ ይከፈታል፣ ሰንዱቁ ይመረጣል፣ መነኩሴውም ዘፋኙም «አዋጡ» ይላል። ደስ ይላል፣ ወገን ማለት ይኼው ነው። ያው ሟች ግን በሕይወት ሳለ «ጥርሴ አላስተኛኝም፣ 400 ዶላር አበድሩኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? «ለጥርስ?» ብለው ይስቁበታል። ኧረ ጎበዝ፣ ሬሳ ጥርስ አያስፈልገውም እኮ! እኔ ባለፈው ስብሰባ ላይ ከወር መዋጮው ላይ ጥቂቷን ለጥርስ እንመድብ ብዬ ተነሳሁ። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እድር ለሞት ነው» አሉኝ። አክብሬ ተቀመጥኩ። ግን አልተዋጠልኝም፤ በሚቀጥለው ስብሰባም እነሳለሁ።

ኤምባሲያችንስ? እሱ የሚያውቀን በዶላራችን ነው። በ2011 ለግድቡ ቦንድ ግዙ ተባልን፤ ገዛን (እኔም ገዝቻለሁ፣ አልጸጸትም)። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀን አንድ ዶላር አሉን፤ አጨበጨብን። በቀን አንድ ዶላር በዓመት 365 ዶላር ነው፤ ሁለት ጊዜ ጥርስ አሳጥቦ አንድ ሊያስሞላ ይችላል። ለዜጋህ ጤና አንድ ቅዳሜ አዳራሽህን ክፈት፣ ፈቃድ ያላቸውን የእኛን ልጆች የጥርስ ሐኪሞች ጥራ የሚል ጥያቄ ቢቀርብ መልሱ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ተቃዋሚዎቻችንም ቢሆኑ አይታሙም፤ በሆቴል አዳራሽ የእራት ትኬት ይሸጡልናል፣ እራቱ ላይ ጥብስ ይቀርባል፣ ግማሹ ታዳሚ ግን ማኘክ አይችልም። መንግሥትም ተቃዋሚም ኪሳችንን እንጂ አፋችንን አያይም።

እናንተም አትቀሩም፣ ወገኖቼ። ቅር አይበላችሁ። ያቺ በየወሩ የምትመጣላችሁ ሁለት መቶ ዶላር ከየት እንደምትወጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከቤት ኪራይ አትወጣም፣ ባለቤቱ ያባርራል። ከመኪና ክፍያ አትወጣም፣ ባንኩ ይወስደዋል። ሊዘገይ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ጥርስ። «በሚቀጥለው ወር እታከማለሁ» ይላል ልጃችሁ፣ ማስታገሻውን ይውጣል፣ ጥርሱን ነክሶ (በሌለው ጥርስ!) ይልክላችኋል። ሥራ ላይ የጥርስ መድን ያለውም ቢሆን መድኑ በዓመት አንድ ሺህ ወይም አንድ ሺህ አምስት መቶ ዶላር ላይ ይቆማል፤ ይኼ ጣሪያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እምብዛም ፈቀቅ አላለም። አንድ ሩት ካናልና አንድ ክራውን ይበሉታል፣ አለቀ። አትላኩ ማለቴ አይደለም፤ እኔም እልካለሁ። ግን የዲቪ ወረቀት የደረሳችሁ ሰዎች፣ ሻንጣ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው አፋችሁን አሳዩ። በርበሬውና ሽሮው ይቆይ። ልጆች ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ እዚህ ስትደርሱ ልጆቹን ቶሎ አስመዝግቡ፤ የልጅ ጥርስ መብት ነው፣ ብዙ ወላጅ ስለማያውቅ ብቻ ልጁ ዕድሜው አልፎት ይቀራል።

ፓርኪንጉ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባ አለኝ። አዲስ አበባ ላይ የጥርስ ሐኪም ነበር። እዚህ ፈቃድ ለማግኘት እንደገና ሁለትና ከዚያ በላይ ዓመት ተማር ይሉታል፣ ክፍያው ከመቶ ሺህ ዶላር ያልፋል፤ ሦስት ልጆች አሉት። ስለዚህ መኪና ያቆማል። በምሳ ሰዓት ግን የቲኬት መቁረጫዋ ክፍል ወረፋ ይይዛል። ታክሲ ነጂው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ነርስ ረዳቷ አፋቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ፤ እሱ በስልኩ መብራት ያያል። አይነካም፤ ቢነካ ይታሰራል። ያያል ብቻ። «ይቺ ትቆያለች። ይቺ ግን ሥር ናት፣ ቶሎ በይ።» ከዚያ ጓንቱን ያጠልቅና (የሹፌር ጓንት ነው) የአንዱን ጠበቃ መርሴዲስ ለማውጣት ይሮጣል። ሚኒሶታ በ2009 ከሐኪም በታች ሆነው የሚሞሉና የሚነቅሉ የጥርስ ቴራፒስቶችን ፈቅዳለች። እዚህ ግን የተማረው እጅ መሪ ይጨብጣል፣ የታመመው አፍ ከጎኑ ቆሞ ያያል።

ባለፈው ሳምንት እኔንም አየኝ። የግራ መንጋጋዬን። ራሱን ነቀነቀ። የፊታችን ቅዳሜ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የጥርስ ሐኪሞች በነፃ ያክማሉ ተብሏል። እንዲህ ያለው ነፃ ሕክምና በዚህ ስቴት ከ2000 ጀምሮ አለ፤ የዓለም ሀብታም አገር በር ላይ ሰው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያድራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት በፊት ያልደረሰ ቁጥር አያገኝም አሉኝ። ቴርሞሴን አዘጋጅቻለሁ።

እማዬ ትናንት በቪዲዮ ደውላልኝ ነበር። ቆሎ እየቆረጠመች ነው የምታናግረኝ። ስትስቅ ያ የድሮ ሳቋ ነው፣ አፏን ከፍታ፣ ነጠላ የለ ምን የለ። እኔ ስልኩን ወደ ግንባሬ ከፍ አድርጌ ነበር የያዝኩት።

«አንተ፣ ለምን አፍህን አታሳየኝም?» አለችኝ።

«ቅዳሜ» አልኳት።